ሰፊ ቃልን በልክ መስፋት

ሁለት ጓደኛሞች አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጣጥረዋል እንበል። አንዱ በስልክ «ጦር ኃይሎች ደርሻለሁ» ይላል። ሌላውም «እኔም ደርሻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አልዋሹም። አንደኛው የቆመው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በር ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከአያት በቀላል ባቡር መጥቶ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዷል። «አደባባዩ ጋ ነኝ» ቢባባሉም አደባባይ ዙሪያ ነውና ችግሩ አይፈታም። ሩብ ሰዓት ተፈላልገው ሲገናኙ ሰላምታው ይቀርና «ጦር ኃይሎች አላልክም እንዴ?»፣ «ብያለሁ!» ይጀመራል።

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። በክፉ ቃል ከሚጣላው ሰው በሰፊ ቃል የሚጣላው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ሰፊ ቃል የምለው «ጦር ኃይሎች»ን፣ «ሰሞኑን»ን፣ «ያመኛል»ን፣ «እሺ»ን፣ «ቆንጆ አድርገህ ሥራልኝ»ን ነው። እንደ ጋቢ ናቸው፤ ማንንም ያለብሳሉ፣ ለማንም ልክ አይሆኑም። ለወግ፣ ለጨዋታ፣ ለቡና ሰዓት ጋቢ ደስ ይላል። ቀጠሮ ለመያዝ፣ ሕመም ለማስረዳትና ገንዘብ ለመቁጠር ግን በልክ የተሰፋ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ ቃሉን በልክ ስለማሰፋት ነው።

መጀመሪያ፦ ሰሚው ምን ያድርግ?

አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። ይህ ሰው እኔን ሰምቶ ሲያበቃ ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው? መልሱን ካገኙ ቃሉ ግማሽ መንገድ መጥቶልዎታል።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ደረሱ እንበል። «እኔ እዚህ ሰፈር ከመጣሁ ሃያ ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ አጎቴ ቤት ነበርኩ፤ አጎቴ ደግሞ ቤቱን ሲሸጥ...» ብለው ቢጀምሩ ከኋላዎ የተሰለፈው ሰው እግሩን ይለዋውጣል። ሠራተኛዋስ የትኛውን ፎርም ታውጣ? መታወቂያ ማሳደስ ነው? አዲስ ማውጣት ነው? መሸኛ ነው? ያላገባ ማስረጃ ነው? ታሪኩ እውነት ነው፤ ያለ ቦታው ገባ እንጂ። ሰላምታዎን አይዝለሉ። «እንዴት አደርሽ፣ እህቴ» ለማለት ጊዜ አይፈጅም፤ ዘሎ ጉዳይ ላይ መግባትም ለእኛ ሰው ይጎረብጣል። ከሰላምታው ቀጥሎ ግን ጉዳዩን በስሙ ይጥሩት፦ «መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል፤ ላሳድስ ነው የመጣሁት።» የአጎትዎ ነገር ካስፈለገ ራሷ ትጠይቅዎታለች።

«ነገ ይምጡ» ከተባሉ ዝም ብለው አይመለሱ። «ነገ» ከሰፊ ቃላት ሁሉ የሰፋው ነው። «ነገ ማንን ላነጋግር? ምን ምን ይዤ ልምጣ? ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ፊቷ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሲጻፍ ያየ ሰው ቃሉን መጠንቀቅ ይጀምራል።

ቦታ ሲናገሩ

ምዕራብ አዲስ አበባ የሰፈር ስም ሞልቶታል፤ የስሙ ትርጉምና ቦታው ግን ሁልጊዜ አይገናኙም። «ዓለም ባንክ» የተባለ እንግዳ ትልቅ የባንክ ሕንፃ ሲፈልግ ይውላል፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች ነው። «መድኃኔዓለም» ቢሉት ደግሞ ራይድ የጠራው ልጅ ቦሌ ሊገኝ ይችላል። «ሚካኤል»፣ «ማርያም»፣ «መስጊዱ ጋ» በሚሉት ስሞች ከተማው ሙሉ ነው።

ስለዚህ ቦታ ሲናገሩ ሦስት ችንካር ይምቱ። መጀመሪያ ማንም የሚያውቀውን ትልቁን ስም፣ ቀጥሎ ከየት ወደ የት ሲኬድ በየትኛው እጅ እንደሆነ፣ መጨረሻ አጠገቡ ያለውን ዓይን የሚይዝ ነገር። «አየር ጤና። ከጦር ኃይሎች ሲመጡ በግራ። ሰማያዊ በር ያለው ፋርማሲ ፊት ለፊት።» «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚሉትን በተቻለ መጠን ይተዉ። አንዱ ላይ የሚለው ዳገቱን ነው፣ ሌላው መሐል ከተማውን። «እዚህ ጋ» የሚለው ቃልም በስልክ ውስጥ አያልፍም፤ የሚጠቁመውን ጣት ማንም አያየውም።

ይህ ነገር ከቀልድ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እሳት ተነስቶ ወደ 939 ወይም ሰው ወድቆ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ወደ 907 ሲደውሉ የመጀመሪያው ቃልዎ ቦታው ይሁን። ድንጋጤ «ኧረ ድረሱልን! አለቅን!» ያሰኛል፤ ሰው ነንና። ግን መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ባትሪው ቢያልቅ ስልኩን ባነሳው ሰው ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ምን ይሁን? «ኮልፌ፣ አጠና ተራ፣ ዋናው አስፋልት ላይ፣ ቤት እየተቃጠለ ነው።» ቦታው ከተያዘ ሌላው በኋላ ይጠየቃል።

ጊዜና ገንዘብ

«መጣሁ» የሚል ሰው የት ነው ያለው? ወይ በር ላይ ቆሟል፣ ወይ ጫማውን እየፈለገ ነው፣ ወይ አሁን ከቤት እየወጣ ነው። ተናጋሪው አልዋሸም፤ አማርኛችን ሊሆን ያለውን እንደሆነ አድርጎ መናገር ይወዳል። ሰሚው ግን ሻይ አዝዞ ይጠብቃል። እንግዲያው ያሉበትን ይናገሩ፦ «ቤቴል ነኝ፤ ታክሲ ይዣለሁ።» ቀሪውን ሰሚው ራሱ ያሰላዋል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሲናገሩ የቀኑን ክፍል ይጨምሩበት። «8 ሰዓት» ብቻውን ሁለት ነው። ከውጭ አገር ለሚደውል ዘመድ ደግሞ ሦስትም አራትም ይሆናል። «በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ከሰዓት 2» ብለው ይጨርሱት። ከሁሉ የከፋው ሌሊቱ ነው። «እሁድ ሌሊት 9 ሰዓት መኪና ይመጣል» ሲባል ቅዳሜ አምሽተው የሚጠብቁ አሉ፣ እሁድ አምሽተው የሚጠብቁም አሉ። አባቶቻችን ለዚህ ጥሩ ቃል ትተውልን ነበር፦ አጥቢያ። «ለእሁድ አጥቢያ» ካሉ ቅዳሜ መሽቶ እሁድ ሊነጋ ሲል ነው፤ ክርክር የለውም። ይህን ቃል ሰርግና ለቅሶ ላይ ብቻ መተዋችን ያሳዝነኛል።

«የዛሬ ሳምንት» ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሄዳል፤ ቀኑን ይጥሩ። «እስከ ቅዳሜ እጨርሳለሁ» ያለ አናጺ ቅዳሜን ጨምሮ ነው ወይስ ዓርብ ማታ? ይጠይቁት። «በሚካኤል እንገናኝ» ለአንዱ 12ኛው ቀን ነው፤ ኮልፌ ውስጥ ግን ጎረቤትዎ ወሩን በታቦት ላይቆጥር ይችላልና ቁጥሩን ይጨምሩለት።

ገንዘብ ላይ ደግሞ ደላሎች የራሳቸው አጭር አነጋገር አላቸው። «ሁለት ተኩል» ሲሉ ስለ መሬት ከሆነ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ነው፣ ስለ ቤት ኪራይ ከሆነ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። «አንድ ሁለት መቶ» እንዲሁ። ማፈር አያስፈልግም፤ ሙሉውን ይድገሙት፦ «አሥራ ሁለት ሺህ ብር በወር፣ የሁለት ወር ቅድሚያ፣ ውኃና መብራት በተከራይ። ልክ ነኝ?» አጠና ተራ ሄደው እንጨት ሲገዙም «ረጅም»፣ «ወፈር ያለ» ልኬት አይደለም። ሜትር ይናገሩ፤ ውፍረቱን አንዱን መርጠው «ሁሉም እንደዚህ ይሁን» ብለው በእጅዎ ያሲዙ። ቃል ሲያንስ ናሙና ይናገራል።

ሐኪም ፊት

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚጠፋበት ደረስን። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሐኪሙና እርስዎ አብራችሁ የምትሆኑት ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው ስሕተት ሕመማችንን መንገር ትተን የበሽታ ስም መንገራችን ነው።

«ምንድን ነው የሚያምዎት?» «ኩላሊቴን ነው።» እኛ አገር ወገቡ ጎንና ጎኑን የተሰማው ሁሉ ኩላሊቴ ይላል። ከባድ ነገር ያነሳ ሰው ጡንቻው ሊሆን ይችላል፤ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው አከርካሪው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ እውነትም ኩላሊት ነው። «ጨጓራ»፣ «ነርቭ»፣ «ብርድ»፣ «ሳይነስ»፣ «ምች» የሚሉት እንዲሁ ናቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ እውነተኛ የበሽታ ስሞች ናቸው፤ ግን ስም መስጠት የሐኪሙ ሥራ ነው። የእርስዎ ሥራ የሚሰማዎትን መናገር ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ግሥ አልነፈገንም፦ ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይከብደኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል። አንዱ ከሌላው ይለያል። ደረቱ ላይ «ይከብደኛል» የሚል ሰውና «ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ሐኪሙን ወደ ተለያየ ጥያቄ ይወስዱታል። «ያመኛል» ብቻ ያለ ሰው ግን የትም አይወስደውም።

ከቤት ሳይወጡ እነዚህን ያዘጋጁ።

የት? በአንድ ጣት ያሳዩ። «ልቤን» ብሎ እጁን ሆዱ አናት ላይ የሚያሳርፍ ሰው ብዙ ነው፤ ጣት ቃልን ያርማል።

ከመቼ ጀምሮ? «ቆይቷል» አይበሉ። ቀኑን ካላስታወሱ በበዓል ይቁጠሩ፦ «ከፋሲካ በኋላ»፣ «ከአረፋ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ»።

ስንት ጊዜ? «አልፎ አልፎ» ለአንዱ በቀን ሁለቴ ነው፣ ለሌላው በወር አንዴ።

ምን ሲያደርጉ ይብሳል፣ ምን ሲያደርጉ ይቀላል? ሲበሉ፣ ሲራቡ፣ ዳገት ሲወጡ፣ ሲተኙ።

ምን ወሰዱ? «ቀይዋን እንክብል» ማለት አይበቃም፤ ማሸጊያዋን ይዘው ይሂዱ። ዳማከሴም ፌጦም ከሆነ ይናገሩ። ቢቆጡዎትም ይናገሩ፤ ቁጣ ያልፋል።

ማፈሩ አለ ደግሞ። «ታች አካባቢ»፣ «የሴት ነገር»፣ «እንትን ስል» እየተባለ ስንቱ ሳይነገር ቀርቷል። ጨዋ ቃል አለልን፤ ሽንት፣ ሰገራ፣ ማሕፀን፣ የወር አበባ ሁሉም በሐኪም ቤት ጨዋ ናቸው። «ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል» ለማለት አምስት ደቂቃ ከሚያቅማሙ ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጡ።

በዘይቤ አይናገሩ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ ሐኪም ጋር ተቀምጠው «ሆድ ባሰኝ» ቢሉት ሆድዎን ሊመረምር ይነሳል። ያዘነ ሰው «አዝኛለሁ፣ እንቅልፍ ከተወኝ ሁለት ሳምንት ሆነ» ይበል። እርስዎም ሐኪም ወይም ነርስ ከሆኑ ተገላቢጦሹ ይሠራል፤ ጉራጌኛ፣ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው ፊትዎ ሲቀመጥ ድምፅዎን አይጨምሩ፤ እሱ ጆሮው ደህና ነው። ዐረፍተ ነገሩን ያሳጥሩ፤ ተረትና ምሳሌውን ለቡና ያቆዩት።

ለምጽ፣ ቁምጥና፣ የሥጋ ደዌ፦ የዘነበወርቅ ትምህርት

ቃል ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት ከኮልፌ ቀራንዮ መውጣት አያስፈልግም። ዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ቦታ ዛሬ አለርት የምንለው ማዕከል ተቋቋመ፤ ስሙ ከእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት የተቀናበረ ሲሆን ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ዘንድ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አጠገቡ የምርምር ተቋም ተከፈተ፤ የተሰየመውም እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ተሕዋስ ባገኘው በኖርዌያዊው ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ነው።

ሕክምናው ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ቃሉ ግን በሽተኛውን ከቤት አላስወጣውም። «ቆማጣ» የሚለውን ስድብ ይዩ። ቆመጠ ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው፤ ቃሉ ሰውየውን በጣቱ ማለቅ ሰየመው። ክፋቱ ስድብነቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ቃሉ ሐሰትም ያስተምራል። በሽታው የሚጀምረው ጣት በመቁረጥ አይደለም፤ ነርቭን አደንዝዞ ነው። የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፣ ቁስል ሲያመረቅዝ አያውቅም፤ ጣት የሚያልቀው ሳይታከም ዓመታት ከሄዱ በኋላ በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ጣቱ ሙሉ የሆነ ሰው ቆዳው ላይ ነጣ ያለ፣ ቢነኩት የማይሰማው ቦታ ቢያይ ምን ያስባል? «እኔ ቆማጣ አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል። መታከም ያለበትም ያን ጊዜ ነበር።

«ለምጽ» የሚለው ቃል ደግሞ በሌላ በኩል ያሳስታል። በዕለት ንግግራችን ለምጽ የምንለው የቆዳ ቀለም እየጠፋ የሚነጣበትን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጡ የተደረጉትን «ለምጻሞች» ይላቸዋል። ስለዚህ ፊቷ ላይ ቀለሟ የጠፋ ልጅ ያለ ኃጢአቷ የሌላ በሽታ ፍርሃት ይወርሳታል፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ያለበት ደግሞ «ለምጽ ነው፣ አይጎዳም» ተብሎ ቤቱ ይቀራል። አንድ ቃል ሁለት ሰው ጎዳ።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባር ይህ ነው። ቆዳ ላይ ስላዩት ነገር ሲናገሩ ስሙን ትተው መልኩን ይናገሩ፦ «ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ በላባ ቢነኩት አይሰማኝም፤ ከወጣ አራት ወሩ ነው።» «አይሰማኝም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወርቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያስፋፋው የመድኃኒት ቅንጅት በሽታውን ያድናል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ያልቃል። አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው የመከላከል አቅም አለው።

ስለ ሰው ሲናገሩስ? «የሥጋ ደዌ» የሚለውም ፍጹም ስም አይደለም፤ ነገሩ ከሥጋ ይልቅ የነርቭና የቆዳ ነው። ግን ተጠቂዎቹ በብሔራዊ ማኅበራቸው ይዘው የሚሟገቱበት ስም እሱ ነውና እኔም እይዘዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ጨዋ የሚባለው አነጋገር በጣም ይረዝማል፤ «በዚህ ችግር ምክንያት ተጋላጭ የሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች» ሲባል ስለ ማን እንደሆነ ይጠፋል። ይህ ከስድቡ ይሻላል፤ ከሰውየው ስም ግን አይሻልም። ጎረቤትዎ ከሆኑ ጋሼ እገሌ ናቸው፤ በሽታቸው በስማቸው ላይ የሚለጠፍበት ምክንያት የለም።

«እሺ» ሲባሉ

ተናገሩ፤ ሰሚው «እሺ» አለ። ጨረሱ? አልጨረሱም። «እሺ» ገብቶኛል ነው፣ ሰምቻለሁ ነው፣ ላለማስቀየም ነው፣ ወይም «በቃ ልሂድበት» ነው። «ገባህ?» ብለው ቢጠይቁም መልሱ ያው «እሺ» ነው፤ አልገባኝም ማለት ያሳፍራልና።

ጥያቄውን ወደ ራስዎ ያዙሩት። «እኔ በደንብ ተናግሬ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው፤ እስቲ እንዴት እንደምታደርገው ንገረኝ።» ለትልቅ ሰው ደግሞ «እማማ፣ እኔ አሳስቼዎት እንዳይሆን፤ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?» ጥፋቱን አስቀድመው ከወሰዱ ሰው ለመመለስ አያፍርም።

ይህ በመድኃኒት ላይ የግድ ነው። «በየስምንት ሰዓቱ» የተባሉ እናት «በስምንት ሰዓት» ሰምተው በቀን አንዴ ከምሳ በኋላ ሊውጡት ይችላሉ። የፊደል ልዩነቷ አንዲት «የ» እና አንዲት «ቱ» ናት፤ የፍሬዋ ልዩነት በቀን ሁለት ክኒን። ስለዚህ ሰዓቶቹን ይቁጠሩላቸው፦ «ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4።» «ከቁርስ በኋላ» ሲሉም ይጠንቀቁ። ረመዳን ላይ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ያለ ሰው ቁርስ የለውም፤ ወይ ሳይውጠው ይውላል ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል። ጾመኛ እንደሆኑ አስቀድመው ይጠይቋቸው፤ ታካሚው እርስዎ ከሆኑም ሳይጠየቁ ይናገሩ።

እግረ መንገዴን ስለ መልእክት አንድ ቃል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ይህን የሚለየው አፍ ነው። «በጉ ይበላል?» ብለው በቴሌግራም ቢጽፉ በጉ ሣር እየበላ እንደሆነ ጠየቁ ወይስ ሊታረድ እንደሆነ? «ሽፍታ ወጣበት» የሚል መልእክት ከገጠር ቢደርስዎ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው ወይስ ፖሊስ? የጀመርንበት «ሰፊ» ራሱ ላላ ሲል ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ጠበቅ ሲል ጋቢው። ሁለት መልክ ያለው ነገር ሲያጋጥምዎ መጻፉን ትተው ይደውሉ።

መርዶ

መጨረሻ የተውኩት ከባዱን ነው። ሰው ሲሞት አፋችን ይሸሻል። «ደክመዋል»፣ «ትንሽ አሟቸዋል»፣ «እስቲ ለማንኛውም ና»። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «ዐርፈዋል» የተባለ ልጅ «ተመስገን፣ ሌሊቱን አልተኙም ነበር» ሊል ይችላል። ቃሉ የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ሕያው ሰውም ያርፋል።

የቀደመው ልማዳችን እዚህ ላይ ብልኅ ነበር። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ፣ በመሸ ጊዜ አይነገርም። ንጋት ላይ ዘመድና የዕድር ሰው ተሰብስበው ሄደው ነው። ይህን ይጠብቁ። በስልክ የግድ ከሆነ ከጎኑ ማን እንዳለ አስቀድመው ይወቁ፤ አብሮት ለሚኖር ሰው ነግረው እሱ እንዲነግረው ያድርጉ። መኪና እየነዳ ከሆነ ምንም አይበሉት። ውጭ አገር ያለን ሰው «ታመዋል» ብሎ ሦስት ቀን በተስፋ ማቆየት ግን ደግነት አይመስለኝም፤ ያ ሰው ሐኪም ሲፈልግ፣ ገንዘብ ሲልክ፣ ሲጸልይ ይከርማል። በኋላ ሲያውቅ የሚያዝነው ሁለት ጊዜ ነው።

ሲነግሩት ቁጭ ይበል፤ እርስዎም ቁጭ ይበሉ። በስሙ ወይም በዝምድናው ይጥሩት፦ «ወንድሜ፣ ከባድ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።» ትንፋሽ ይስጡት። ቀጥሎ አንድ ጊዜ፣ ወደ ሌላ በማይተረጎም ቃል ይናገሩ፦ «አባታችን ሌሊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።» «በሞት» የሚለውን አይጣሉት።

ማጽናኛውንም እንደ ቤቱ ይምረጡ። ኮልፌ ውስጥ አንዱ ግቢ ሦስት ሃይማኖት ያስተናግዳል። ኦርቶዶክስ ቤት «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ ሙስሊም ቤት «አላህ ይርሐማቸው»፤ ፕሮቴስታንት ቤት ለሙት መማለድ የለምና «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ»። ካላወቁ «አይዞህ» ይበቃል። ከዚያ በላይ ቃል አይጨምሩ፤ «ዕድሜ ጠግበዋል»፣ «ተገላገሉ» የሚሉት በዚያ ሰዓት የማንም ልክ አይደሉም። ውኃ ያቅርቡ። እጁን ከያዙት አይልቀቁት። «እንዴት?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ዝም ብለው ይቆዩ፤ ሲጠይቅ የሚያውቁትን ያህል ይመልሱለት።